የዶና ቢያንካ መርዶ

እኔን ብሎ የመርከብ መርዶ ነጋሪ! ገንዳ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ሳይ እንኳ ራሴን የሚያዞረኝ ሴት፣ አንድ ሰመር እዚሁ ቶሮንቶ ወደ ደሴቲቱ የምታሻግረው ጀልባ ላይ ተሳፍሬ ገና መሀል ሳንደርስ የበላሁትን ሁሉ ለሐይቁ ያስረከብኩ ሴት፣ በመርከብ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገኝ? አርፌ አልቀመጥም ነበር? ጉልበቴን እያሻሸሁ፣ የማይገባኝን እንግሊዝኛ በቲቪ እየሰማሁ፣ ሰዎቹ ሲስቁ አብሬ እየሳቅኩ መዋል ስችል፣ ሄጄ የሰውና የመርከብ ፍቅር መሀል ገባሁ። አሁንም እየሳቅኩ ነው የማወራችሁ፤ ግን ሳቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቷል።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ባለፈው ወር የቢልዲንጋችን ሰዎች የኮሪደሩን በሮች ሊቀቡ መጡ። ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ በደህናው ቀን ኮሪደራችን የፓኪስታኖቹ ቅመም፣ የአፍጋኖቹ ዳቦና የእኛ ቁሌት አንድ ላይ ተደባልቆ የሚሸትበት፣ ከኤሌቬተር የወጣ ሰው ሁሉ ሳይጋበዝ የሚርበው ቦታ ነው። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ጠፍቶ የዘይት ቀለም ብቻ ሸተተ። ቆሻሻ ልጥል ከረጢቴን ይዤ በሬን ከፈትኩና እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ አፍንጫዬ እጄን ይዞ እንደ ልጅ እየጎተተ ወሰደኝና አሰብ ወደብ ላይ አቆመኝ።

አሰብን የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር፣ ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠራች ቤት ነበር የምንኖረው። ቀን ቀን ቆርቆሮው እየተንጣጣ ሲያወራ ይውላል፤ ሲመሽ የገመድ አልጋችንን ደጅ እናወጣና አንሶላውን ውሃ ነክረን፣ ጨምቀን፣ እሱን ለብሰን እንተኛለን፣ እንቅልፍ ሳይወስደን አንሶላው ይደርቃል። ንፋሱ አሸዋ ነው፣ ላቡ ጨው ነው፣ የምንጠጣው ውሃ ራሱ ጨው ጨው ይላል። አባቴ የወደብ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ትልልቆቹ መርከቦች ራቅ ብለው መልህቅ ሲጥሉ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ቆዳው ከፀሐዩ ብዛት እንደ ጫማ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ስለነበር እናቴ ስትቀልድበት «ክሬም መግዛት ለምኔ፣ አንተን አሽቼ እወዛለሁ» ትለው ነበር።

በዚያ ሁሉ አሸዋና ጨው መሀል ዶና ቢያንካ የምትባለው መርከብ ስትመጣ ማየት ነበር። መጀመሪያ ጭሷ ይታያል፤ ቀጥሎ ባሕሩ ላይ አንድ ነጭ ነገር እንደ ጥርስ ብቅ ይላል፤ ከዚያ እያደገች፣ እያደገች መጥታ ሰማዩን ትሸፍነዋለች። ጎኗ ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ ጭስ ማውጫዎቿ ቀይ፣ መስኮቶቿ ቆጥሮ የሚዘልቃቸው የለም። ጣልያን አገር ተሠርታ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ሰው የምታመላልስ፣ ስሟ በዓለም የታወቀ መርከብ ናት ይሉ ነበር፤ እኛ ግን አውስትራሊያ የት እንዳለ ስለማናውቅ ለእኛ ብላ የምትመጣ ነበር የሚመስለን። ጡሩንባዋን ስትነፋ የሰፈሩ ፍየሎች ካርቶን መብላታቸውን ትተው ቀና ይላሉ። ፀጉር ቆራጩ ነጭ ሽርጡን ያጥባል፤ ሻይ ቤቶቹ ብርጭቆ ይወለውላሉ፤ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሸሚዝ ለውጠው ወደብ ዳር ይቆማሉ። ሲመሽ መብራቷ ሲበራ ከእኛ ከተማ መብራት ሁሉ የሷ ይበልጥ ነበር፤ ሙዚቃዋ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ እስከ አልጋችን ይመጣና፣ እናቴ ጨለማን ተገን አድርጋ እግሯን ስታወዛውዝ አያት ነበር።

አባቴ ከሷ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ይዞልን ይመጣል። የመርከቧ ወጥ ቤት ሠራተኞች የሚሰጡት ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ በየተራ ይልሰዋል፤ አሸዋ የነካው፣ የጆንያ ክር የተጣበቀበት በረዶ፣ ከዚያ ወዲህ እንደሱ የሚጣፍጥ ነገር አልበላሁም። «ምነው በረዶ እንደ ልቤ ባገኘሁ» እያልኩ ነው ያደግኩት። እግዜር ደግሞ የልጅ ጸሎት አይረሳም፤ ሰምቶኝ ነው መሰለኝ በሱዳን አዙሮ ቶሮንቶ አመጣኝ፣ አሁን እስከ ጉልበቴ ድረስ እንደ ልቤ ነው።

እንግዲህ የጋሽ ተክሌን ነገር ላምጣው። ያኔ ጋሽ አይባልም፣ ተክሌ ነው፤ ከእኛ ቤት በታች ሻይ የሚሸጡት ሴትዮ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ሸሚዙ ብቻውን የሚሄድ የሚመስል ጎረምሳ። ወደቡ ላይ በርሜልና ጀልባ ይቀባ ነበር። አንድ ጊዜ ዶና ላይ ቀለም ቀቢ ታሞ ሲወርድ እሱን ቀጠሩት። ከዚያ በኋላ መርከቧ በመጣች ቁጥር ልጆቹ የምናየው እሷን ብቻ አልነበረም፤ ከላይ በገመድ በተንጠለጠለች ጣውላ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ባሕሩ ላይ እየተወዛወዘ፣ ያንን ሁሉ ነጭ በብሩሽ የሚያዳርሰውን ተክሌን ነበር። ሰፈራችን ሰማይ ላይ ሰው ያለው ያህል ነበር የሚኮራው። አንድ ቀን አባቴ ጀልባው ላይ አሳፍሮኝ ከሥሩ ስናልፍ አንጋጥጬ ምላሴን አወጣሁበት፤ ብሩሹን ነቅነቅ አደረገና አንዲት ጠብታ ነጭ ቀለም ቀሚሴ ደረት ላይ አረፈች። እናቴ በጋዝ ፈተገችው፣ በአመድ ፈተገችው፣ ወይ ፍንክች። ያቺን ቀሚስ እስክትጠበኝ ድረስ እንደ ሜዳሊያ ለበስኳት፤ የዘይት ቀለም ሲሸተኝ አሁንም እጄ ሳላስበው ደረቴን ይነካል።

እናቱ መርከቧ በወጣች ቁጥር ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ጭሷ እስኪጠፋ ይቆሙ ነበር። በኋላ ከጣልያን የምትመጣበት ካናል ተዘጋ ተባለና ዶና መምጣት ተወች፤ ተክሌም አልተመለሰም። እኔም አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አገር ተቀወጠ፣ ተሰደድኩ፤ ያቺ ያደግኩባት ከተማ ራሷ ወደ ሌላ አገር ገባች። ይኸ ሁሉ ሲሆን የዶናን ነገር አንድም ቀን ያሰብኩ አይመስለኝም። ሰው እንዲህ ነው የሚረሳው፤ ለዚህም መቀጣት አለብኝ።

ታዲያ አንድ ቀን እዚሁ ቢልዲንጋችን ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሄጄ ስመለስ፣ ኤሌቬተር ውስጥ አንድ ረጅም ሽማግሌ አገኘሁ። በአማርኛ ሰላም ተባባልን፤ ከየት ነሽ አለኝ፣ አሰብ አልኩት፣ የማን ልጅ አለኝ፣ የጀልባ ነጂው አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ጣቱን ወደ ደረቴ ቀሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን በጫማዬ ነበር የምለው። እኔ ግን የልብስ ቅርጫቴን መሬት ጥዬ ተክሌ፣ ቀሚሴን አምጣ ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አብራን የነበረችው አፍጋናዊት እስኪያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያ በኋላማ ቤቱ ከእኔ በር ቀጥሎ ስለሆነ ሾርባዬን እየያዝኩ እገባለሁ፣ ካርታ እንጫወታለን፣ እኔ አጭበረብራለሁ፣ እሱ እያወቀ ዝም ይላል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ አንዲት ልጅ አለችው፣ ሂሩት የምትባል፣ ኤድመንተን ነው የምትኖረው። እኔ ግን ስገባ ሁሌ «ሚስትህ እንዴት ናት?» ስለው ስለ ዶና እንደሆነ ያውቃል። እሱም እንደ ሚስት ነበር የሚያወራት። ከአፍንጫዋ ጀምረው ሲቀቧት ጭራዋ ላይ ሲደርሱ አፍንጫዋ ዝጎ ይጠብቃቸዋል፣ እንደገና ከአፍንጫዋ መጀመር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ አንዲት መርከብ ቀብቶ ሳይጨርስ ነው ጡረታ የወጣው። ከጣልያኖቹ እጅ ወጥታ ግሪኮች ሲገዟት አብሮ ተሸጠ፤ ለሀብታም ሽርሽር ስትውል አብሯት ነበረ፤ ስሟን ሁለቴ ሲለውጡባት በመሰላል ወጥቶ የድሮውን ስም የደፈነው እሱ ነው። አልቅሻለሁ ባይለኝም አንዳንድ ነገር ከድምፅ ይታወቃል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨው ነበር። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ላይኛው ሳሎን ገብቶ አያውቅም። ቀለም ቀቢዎቹ ከታች በኩል ነው የሚወጡት የሚወርዱት፤ ምንጣፉን እንዳይረግጡ። ሳሎኑን የሚያውቀው ከውጭ፣ ተንጠልጥሎ የመስኮቱን ዙሪያ ሲቀባ ነው፤ ሰዎቹ በብር ማንቆርቆሪያ ሻይ ሲቀዱ፣ አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትስቅ፤ ያዩት እንደሆነ ደግሞ መጋረጃውን ይስቡበታል። ዶና ካረጀች በኋላ አሜሪካኖች ወሰዷትና አንድ ወንዝ ዳር አስረው ሆቴል አደረጓት፤ ሆቴሉም ሲከስር ወዳጆቿ ነን የሚሉ ሰዎች ይጠብቋት፣ አልፎ አልፎ ሰው ያስጎበኙባት ነበር። ይህን ሁሉ በራሱ ታብሌት ያሳየችው ሶስና፣ ሶሲ የምላት የልጅ ልጄ ናት። ከዚህ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጋሽ ተክሌ ሱፉን አሳጥቦ በላስቲኩ እንዳለ በሩ ላይ ሰቀለና፣ ያ ሳሎን ገብቼ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እያየሁ አንድ ስኒ ሻይ ልጠጣ አለ። ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው የለኝም አለ።

ሲሞቅ እንሄዳለን አልኩት። ሞቀ፣ ጉልበቴን አመመኝ። በሚቀጥለው ሞቀ፣ ክርስትና ነበረብን። በሚቀጥለው የሶሲ መኪና ተበላሸች። አያችሁ፣ እያንዳንዱ ምክንያት ደህና ምክንያት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚያስጠሉት።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ ልቡን አመመውና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ሐኪሞቹ አታስጨንቁት ብለው ሰደዱት። በዚያው ሰሞን ሶሲ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ዶና ተሽጣለች። ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞቃቱ ባሕር ጎትተው ሊያሰምጧት ነው፤ ዓሣ ይኖርባታል፣ ጠላቂዎች ይጎበኟታል። ከመጎተቷ በፊት ግን ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ በሯን ለመጨረሻ ጊዜ ይከፍታሉ፤ የሠሩባት ሰዎች ቢመጡ ደስ ይላቸዋል፣ ሳሎኑ ውስጥ ሻይ ሁሉ ይኖራል። እኔ ነድቼ እወስደዋለሁ አለች ልጅቷ። እኔ ምን አልኩ? አይሆንም አልኩ።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ ማስታወቂያ በየበሩ ሥር አይወረወርም። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ማታ አይነገርም። ሲድን፣ ሲበረታ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። እናቴም አያቴም እንዲህ ነው ያደረጉት፤ እኔም ስንቱን ሞት በሆዴ ይዤ ከስንት ሰው ጋር ሳቅ ሳቅ እያልኩ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ጎበዝ ነኝ በዚህ። ሞቷን ነግሬው ልቡ ቀጥ ቢልስ? አልኳት ሶሲን። አልሞተችም እኮ ገና፣ ሄዶ ይያት እንጂ አለችኝ። ሊገድሏት ቀን የቆረጡላትን ምኑን ነው የሚያየው አልኳት። እሷም ከሆዷ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ባመጣችው ድምፅ «እማማ፣ ዲስ ኢዝ ሮንግ» አለችኝ። ልክ አይደለም ማለቷ ነው፤ ያቺን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የታብሌቱን ቻርጀር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ጋሽ ተክሌ ሶፋውን ገልብጦ ሲፈልገው እኔም አብሬው ተንበርክኬ ፈለግኩ። ሚስትህ እንዴት ናት እያልኩ ማሾፌን አልተውኩም፣ ቢቀር ይጠረጥራላ። እድሳት ላይ ናት፣ እንግዳ አትቀበልም አልኩት። ሌላ ጊዜ ፀጉሯን እየተሠራች ነው አልኩት። ይስቃል። ደስ ይለዋል። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር ብሎ ይመርቀኛል፤ እኔ ምርቃቱን ተቀብዬ ቤቴ ስገባ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ትንሽ እቆማለሁ።

ይባስ ብሎ እየዳነ ሄደ። በሾርባዬም ይሁን በመድኃኒቱ እንጃ፣ ፋሲካ ሲደርስ ኮሪደሩን ያለ ዱላ ይመላለስበት ጀመር። ያ ቅዳሜ ሲመጣ ሰበቤ ሁሉ ቀጥኖ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይነግረው ይሁን ወይም ብቻውን እንዳይሆን። ካርታ ተጫወትን። እሱ ስለ ሳሎኑ መስኮት ያወራል፣ መስታወቱ እንዴት ወፍራም እንደነበረ፣ ዳር ዳሩን ሲቀባ ጠብታ እንዳይነካው እንዴት ትንፋሹን እንደሚይዝ፤ እኔ ደግሞ ይኼኔ ሰው ሁሉ ምንጣፉን እየረገጠ እየወጣ ይሆናል፣ ይኼኔ ሻዩን እየቀዱ ይሆናል እላለሁ በሆዴ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታ ሳላጭበረብር ተጫወትኩ። ደጋግሞ አሸነፈኝና አመመሽ እንዴ አለኝ።

ስትሰምጥ ሶሲ በስልኳ አሳየችኝ። አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ አትወድቅም፣ ትቀመጣለች። ከኋላዋ ቀስ ብላ፣ እንደደከማት አሮጊት ተቀመጠች፤ አፍንጫዋ ቀና አለ፣ አንድ ጊዜ አየር ተነፈሰች፣ ውሃው ነጭ ሆነ፣ አለቀ። ዙሪያዋን በጀልባ የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ። ቀብር ላይ ጭብጨባ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አጣሁት። ለመርከቧ፣ ለአባቴ ጀልባ፣ ጃንጥላ ይዘው ለቆሙት ሴትዮ? ያችን ከተማ ካየኋት ስንት ዘመኔ፤ የእኔን ልጅነት ያየ ነገር ዓለም ላይ ሁለት ቀርቶልኝ ነበር፣ አንዱ ሄደ፤ ሌላው ግድግዳውን አልፎ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር፣ እኔ የያዝኩትን ሳያውቅ።

ከዚያ በኋላ መንገሪያው ቀን ጠፋኝ። ዛሬ ይነገረው ስል ልጁ ሂሩት ልትጠይቀው መጣች፣ ደስታውን አላበላሽም አልኩ። ፍልሰታ ገባ፣ እየጾመ ነው አልኩ። ዘመን መለወጫ ሆነ፣ በበዓል መርዶ አይነገርም። መስቀል መጣ። ሰውየው ደግሞ በጤናው ላይ ጤና እየጨመረ፣ በአውቶቡስና በሰብዌይ የሐበሻ ካፌዎቹ ያሉበት ዳንፎርዝ ድረስ ብቻውን እየሄደ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይመለሳል፤ በዳነ ቁጥር እኔ እታመማለሁ።

ቀለም ቀቢዎቹ የመጡት በዚህ መሀል ነው። እኔ ከረጢቴን ይዤ ቆሜ አሰብ ውስጥ ስባዝን የእሱም በር ተከፈተ። ጋሽ ተክሌ በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ሳበ፣ ከዚያ ወደ ወጣቱ ቀለም ቀቢ ሄዶ ሳትፍቅ አትቀባ፣ ይላጣል ብሎ በእጁ እያሳየ ተቆጣው። ፊቱ ላይ ያን የተንጠለጠለውን ጎረምሳ አየሁት። ወደ እኔ ዞረና «ዘነቡ፣ በቃ፤ በዚህ ሳምንት እንሂድ» አለኝ። እድሳቱ ብዬ ልጀምር ስል እጁን አወናጨፈብኝ፤ ቢያድሷት ባያድሷት በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ፣ ለሂሩት ኮል አድርጌ እሷም ልትመጣ ነው አለ። ማታ ለሶሲ ነገርኳት። ነገ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ አለችኝ፤ ይኼንን ደግሞ በጥሩ አማርኛ።

እንግዲህ መርዶ አነጋገር እንደሆነ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ጎረቤቴን ሙሉነሽን ጠራኋት። በሯ ከእኔ በር ትይዩ ነው፤ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፣ አፏ ወንፊት የለውም፣ ግን ለሐዘን የምትቀድማት የለችም። ከቤተክርስቲያን ሴቶች ጥቂቶቹን አሰባስቢልኝ፣ ጋሽ ተክሌ መርዶ አለበት አልኳት። ማን ሞተ ስትለኝ የድሮ ሰው ናት፣ ስንገባ ትሰሙታላችሁ ብዬ አለፍኳት፤ መርከብ ብላት እንደማትመጣ አውቃለሁ። ጎሕ ሳይቀድ መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሙሉነሽ የንፍሮ ድስት ታቅፋ፣ ሶሲ ከሥራ በፊት ዓይኗን እያሸች። እንደ ወጉ በሩ ላይ ተሰብስበን አንኳኳን።

ከፈተ። እኔ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ነው። በፒጃማ ነው፤ እኛን አንድ በአንድ አየን፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ ድስቱን አየ፣ ሰዓቱን አሰበ። የበሩን ጉበን ያዘ። «ሂሩት ናት?» አለ።

ወዲያው ከኋላዬ አንዷ ሴት ጮሃ ማልቀስ ጀመረች፤ ምስኪን፣ እሷም ሂሩት የሞተች መሰላት። እኔ አይደለም፣ አይደለም እያልኩ አንገቱን ስይዝ ሰውየው በእጄ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ወደ ታች ወረደ፤ በሩ ሥር የተደረደሩት ጫማዎቹ መሀል ተቀመጠ። ሶሲ ተንበርክካ በስልኳ ለሂሩት ደውላ ድምፅዋን አሰማችው፤ ኤድመንተን ገና ሌሊት ነበር፣ ልጅቷ ከእንቅልፏ ባንና ምን ሆንክ አባዬ ትላለች፣ እሱ ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም እያለ እንባው በጢሙ ይወርዳል። ያንን ልብ ነው እንግዲህ አድንልሃለሁ ያልኩት።

ስልኩን ዘጋና ቀና ብሎ አየኝ። ታዲያ ማን ናት አለኝ በዓይኑ። ዶና ናት አልኩት። ከኋላዬ ሙሉነሽ ዶና ማን ናት ብላ ጠየቀች፣ ሶሲ መርከብ ናት አለቻት፣ የሴቶቹ ለቅሶ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ጋሽ ተክሌ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ሶሲን አሳዪኝ አላት። መነጽሩን አድርጎ ያንን የመስመጡን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ መለሰው፣ ጣቱን ጎኗ ላይ በወረደው ቡናማ ዝገት ላይ አድርጎ ሳይፍቁ ነው የቀቧት አለ። መነጽሩን አውልቆ መቼ ነው አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጀ ውሸት አልነበረኝም። ከፋሲካ በኋላ አልኩት፤ ቅዳሜውንም ነገርኩት፣ በሩ መከፈቱን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም፤ ስጀምር ማቆም አቃተኝ።

«ከፋሲካ በኋላ እኮ ደህና ነበርኩ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጫማዎቹ የሚነግራቸው ይመስል። «ዳንፎርዝ ድረስ ብቻዬን ሄጄ ፀጉሬን ተስተካክያለሁ።»

ከዚያ ተነሳ። እንግዶች ናችሁና ግቡ ብሎ ወንበር ሰጠን፣ እኔንም ጨምሮ። ንፍሮውን ከሳህን እየቆነጠረ አብሮን በላ፤ ሴቶቹ ወግ ነውና እግዜር ያጽናህ አሉት፣ አሜን አለ። ከዚያ ስለ ቀለሙ ሽታ አወሩ። ሲወጡ አብሬያቸው ተነሳሁ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ በይ፣ ካርታውን አምጪ ይለኝ ነበር፣ ያን ቀን በሩን እስከምወጣ ድረስ ይዞልኝ ቆመ፤ እንደ እንግዳ።

ኮሪደሩ ላይ ሴቶቹ ወደ ኤሌቬተር ሄዱ፣ ሶሲ ወደ ሥራዋ ሮጠች፣ እኔና ሙሉነሽ በሮቻችን መሀል ቀረን። እኔም ሳልጠየቅ መለፍለፍ ጀመርኩ፤ ለሱ ብዬ ነው፣ ልቡን ፈርቼ ነው፣ ሐኪሞቹ አታስጨንቁት ብለው ነበር፣ እናቴም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምታደርገው አልኳት። ሙሉነሽ ድስቷን በአንድ እጇ ታቅፋ ቁልፏን ስትፈልግ ቆየችና፣ በሯን ከፍታ ከገባች በኋላ ዘወር ብላ አየችኝ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሰውየው እኮ ሰማንያውን ካለፈ ቆየ» አለችኝ። «ልቡን ለመቼ ልታስቀምጪለት ነበር?»